ሼዱን የቆጠረ ውሃውንም ይቁጠር

ስለ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚነገረው ሁሉ በቁጥር ነው። 150 ሄክታር፣ 15 ሼድ፣ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው ኪሎ ሜትር፣ ሥራ የሚያገኘው ወጣት ብዛት። ነሐሴ 2014 ዓ.ም ነፃ የንግድ ቀጠናው ሥራ ሲጀምር ደግሞ ቁጥሩ ጨመረ። መንገዱ ተቆጠረ፣ መጋዘኑ ተቆጠረ፣ ኮንቴይነሩ ተቆጠረ።

ከሁሉ በፊት መቆጠር የነበረበት ግን ሌላ ነው። ከዛሬ 30 ዓመት በኋላ ፓርኩም፣ ሠራተኛውም፣ ከተማውም የሚጠጡት ውሃ ከመሬት በታች ስንት ይቀራል? በስንት ሜትር ጥልቀት? በምን ወጪ ይወጣል? ይህ ጥያቄ እንደ ሼዱ ብዛት በየመድረኩ ሲጠየቅ አይሰማም። ጎተራውን ሳይለኩ ድግስ መጥራት ማለት ይህ ነው።

ድሬዳዋ ለፋብሪካ አዲስ አይደለችም። ጨርቃ ጨርቁን፣ ሲሚንቶውን፣ ለስላሳ መጠጡን፣ ምግብ ማቀነባበሪያውን ታውቃለች። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም ገደማ የባቡር ሐዲድ ይዞ የመጣ ሥራ የወለዳት ናት። ስለዚህ «ኢንዱስትሪ ይምጣ አይምጣ» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ይምጣ። ክርክሩ የሚመጣው እንግዳ ከየትኛው እንስራ ነው የሚቀዳለት የሚለው ነው።

■ በረዶ የሚመዝኑ ሰዎች

ነገሩን ለመረዳት ለጊዜው ከሐረርጌ ራቅ ማለት ይጠቅማል።

በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ክረምት ላይ የወደቀ በረዶ እስከ ፀደይ ሳይቀልጥ ይቆያል። ከዚያ ቀስ እያለ እየቀለጠ ወንዙን ይሞላል፣ እርሻውን ያጠጣል፣ ከተማውን ያጠግባል። ካሊፎርኒያ ከምትጠቀመው ውሃ 30 በመቶ ገደማው ከዚህ በረዶ የሚመጣ ነው። ተራራው ጎተራ ነው፤ በረዶው እህሉ።

ታዲያ ጎተራው ውስጥ ስንት አለ? ከ100 ዓመት በፊት ይህን የመለሰው መሐንዲስ አልነበረም። ጄምስ ቸርች የሚባል በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላቲን ቋንቋ መምህር ነበር። ሮዝ የተባለውን ተራራ በክረምት እየወጣ ባዶ ቱቦ በረዶው ውስጥ ይተክላል፤ ቱቦውን ከነበረዶው አውጥቶ ይመዝናል። የበረዶው ከፍታ አታላይ መሆኑን ተረድቶ ነበር። አዲስ የወደቀ 1 ሜትር በረዶ ሲቀልጥ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ሊወጣው ይችላል። ቆይቶ የታመቀ 1 ሜትር በረዶ ግን የዚያን ሦስትና አራት እጥፍ ይሰጣል። ስለዚህ ቸርች ከፍታውን ትቶ ክብደቱን ያዘ። በዚያ ልኬት የታሆ ሐይቅ በፀደይ ምን ያህል እንደሚሞላ አስቀድሞ መናገር ቻለ፤ በውሃው የሚጣሉትን ወገኖችም ለማስማማት ረዳ።

ዛሬ ያ ሥራ በመቶዎች በሚቆጠሩ አውቶማቲክ ጣቢያዎች፣ በአውሮፕላንና በሳተላይት ይሠራል። ልኬቱ ወደ ሞዴል ይገባል፤ ሞዴሉ የመጪውን በጋ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን አሥርት ዓመታት በረዶ ይገምታል። የሚያስቀናው ግን መሣሪያው አይደለም። ውጤቱ ለሕዝብ መነገሩ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2015 የካሊፎርኒያ ገዥ ጄሪ ብራውን በረዶ መኖር በነበረበት ቦታ ደረቅ ሣር ላይ ቆመው ከተሞች የውሃ ፍጆታቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዙ። የዚያ ዓመት በረዶ ከአማካዩ 5 በመቶ ብቻ ነበር። መሪው ባዶውን ጎተራ ለሕዝቡ አሳየ። ሕዝቡም የታዘዘበትን ምክንያት በዓይኑ አየ።

■ የሐረርጌ በረዶ ከመሬት በታች ነው

ኢትዮጵያ ከዓመት ዓመት የሚጠራቀም በረዶ የላትም። ራስ ዳሸን ላይ አልፎ አልፎ የሚነጣው ነገር ውሎ ሳያድር ይቀልጣል። ይህ ማለት ግን ተራሮቿ ጎተራ አይደሉም ማለት አይደለም። የሐረርጌ ደጋ ጎተራ የተሠራው ከድንጋይ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከደንገጎ ሽቅብ ሲወጣ ሐረማያ አካባቢ ከፍታው 2,000 ሜትር ይደርሳል። ደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በደቻቱና በመሰሎቹ አሸዋማ ወንዞች ይወርዳል። ከፊሉ በኖራ ድንጋዩና በአሸዋ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይሰርጋል፤ ቁልቁል ተጉዞም ከተማዋ ሥር ይደርሳል። ሰቢያን አካባቢ ከሚገኙት ጉድጓዶች በፓምፕ ተስቦ ወደ ቤት የሚገባው ውሃ ይህ ነው። በየጀበናውና በየማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወውም ለዚህ ነው፤ ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ መሆኑን በራሱ ይመሰክራል።

ድሬዳዋ የምትንተራሰው ትልቅ ወንዝ የላትም። ደቻቱ በዓመት አብዛኛው ቀን መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ አሸዋ ነው። ዝናቧም በዓመት በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከተማ የሚኖረው ከመሬት በታች ባለው ነው።

እንግዲህ የበረዶውና የጉድጓዱ ነገር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የበረዶ ከፍታ እንደሚያታልል ሁሉ የጉድጓድ ጥልቀትም ያታልላል። «ይህን ያህል ሜትር ተቆፈረ፣ በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር ተገኘ» የሚል ዜና ደስ ይላል። ግን እሱ የሚናገረው ጭልፋው ስንት እንደሚይዝ ነው። ድስቱ ውስጥ ስንት እንዳለ አይናገርም። ያን የሚናገረው ሒሳብ ሌላ ነው፦ በዓመት ስንት ሰርጎ ይገባል? ስንት ይወጣል? ልዩነቱስ ከዓመት ዓመት የውሃውን ከፍታ ስንት ሜትር ያወርደዋል ወይም ያወጣዋል?

በረዶ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፤ ሲያልቅ ይታያል። ተራራው ይጠቁራል። የከርሰ ምድር ውሃ ሲያልቅ ግን አይታይም። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ይንጠባጠባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለጎርፍ ብቻ አይደለም።

■ ሐረማያ የተማረ ሰው ሁሉ ያለፈበት ትምህርት

ይህ ማስፈራሪያ ነው የሚል ካለ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያን ይጠይቅ። የሐረማያ ሐይቅ የሐረርን ከተማ ያጠጣ ነበር። ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር። ዙሪያው ታረሰ፣ ተዳፋቱ ተራቆተ፣ ደለሉ ገባ፣ በየአቅጣጫው ፓምፕ ተተከለ። እያንዳንዱ ፓምፕ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። ማንም ሰው ሐይቅ ለማድረቅ አልተነሳም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ሐይቁ ደረቀ፤ ዓሣ ይሰገርበት በነበረው ቦታ ከብት ተሰማራ።

ሐረር ምን አደረገች? ከድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው የሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ፣ በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ቧንቧ፣ በብዙ መቶ ሜትሮች ሽቅብ እየተገፋ ውሃ መጣላት። ደጋው ቆላውን ማጠጣቱ ቀርቶ ቆላው ደጋውን አጠጣ።

የሐረማያ ውሃ ከጊዜ በኋላ በተፋሰስ ሥራና በደህና ዝናብ መልሶ መታየት መጀመሩ መልካም ዜና ነው። ከዚህም ትምህርት አለ፦ ጎተራው ከተጠበቀ ይሞላል። ነገር ግን ሐይቅ ሲደርቅ ሁሉም አይቶ ደነገጠ፤ ለዚያም ነው የዘመቻ ሥራ የመጣው። ከሰቢያን ሥር ያለው ውሃ ቢወርድ ማን ያየዋል? ማንስ ይደነግጣል? የሚደነግጠው መለኪያ ያለው ብቻ ነው።

■ የአጥሩ ውስጥና የአጥሩ ውጭ ሒሳብ

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውሃ ቢጠቀም፣ በቀን 1,000 ሜትር ኪዩብ የሚወስድ አንድ ፋብሪካ የ20,000 ሰው ድርሻ ወሰደ ማለት ነው። ጨርቅ ማቅለሚያ ከሆነ ደግሞ እንደ አሠራሩ ቢለያይም 1 ኪሎ ጨርቅ 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ልብስ ሰፍቶ የሚልክና ጨርቅ ነክሮ የሚያቀልም ሁለቱም «ጨርቃ ጨርቅ» ተብለው ይመዘገባሉ። በውሃ በኩል ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ከአጥሩ ውጭም ሒሳብ አለ። ሠራተኛው መልካ ጀብዱ ወይም ሌላ ሰፈር ቤት ይከራያል፤ ቤተሰብ ያመጣል። ለእሱ የሚሸጥ፣ የሚያበስል፣ የሚያመላልስ ሌላ ሰው ይመጣል። ፋብሪካው ከራሱ ጉድጓድ ቢቀዳ እንኳ የሚስበው ሕዝብ ከከተማው ቧንቧ ይቀዳል። ሁለቱም ጉድጓዶች ደግሞ ከአንድ ድስት ሊቀዱ ይችላሉ።

ሦስተኛው ሒሳብ የሚረሳው ነው። በ150 ሄክታር መሬት ላይ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 900,000 ሜትር ኪዩብ ውሃ ነው። መሬቱ ሜዳ ሳለ ጥቂቱም ቢሆን ይሰርግ ነበር። ጣሪያና አስፋልት ሲሆን ግን ይንሸራተታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ250 በላይ ሰው የገደለውን ጎርፍ የማያስታውስ ድሬ የለም። አንዱ ዝናብ ሲሰርግ ሕይወት፣ ሲንሸራተት ሞት ነው። ከዚያ 900,000 ሜትር ኪዩብ ሲሶው ብቻ ከጣሪያ ላይ ቢያዝ ወይም ወደ መሬት እንዲሰርግ ቢደረግ፣ በቀን 50 ሊትር ሒሳብ ከ16,000 በላይ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያጠጣል። ፓርኩ ከጎተራው የሚቀዳ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎተራው የሚመልስም ሊሆን ይችላል። ማን ጠየቀው?

የጥራትም ጉዳይ አለ። በከተማው ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአንዳንዶቹ ውስጥ ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ምንጩ ከየግቢው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርግ ፍሳሽ ነው። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውሃ ሲያሳልፍ ቆሻሻውንም አብሮ ያሳልፋል። ሕዝብ በጨመረ ቁጥር ጎተራው በሁለት በኩል ይጎድላል፤ በመጠንም በጥራትም።

■ የሚነሱ ሰበቦች

«ቅድሚያ ሥራ ይፈጠር፣ ውሃው ይደረስበታል።» ይህን የሚለው ሰው ውሃ በጄሪካን ገዝቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚከፍለው ያ ሥራ ተፈጠረለት የተባለው ወጣት ነው፤ ደመወዙ ለቦቴና ለጄሪካን ይሄዳል። ቆይቶ ፋብሪካው ራሱ ሥራ ሲቀንስ ደግሞ ደመወዙም ይቀራል። ሥራና ውሃ አንዱ ሌላውን የሚያስቀድም ወረፋ የላቸውም።

«ጥልቅ ውሃ አለ፣ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ነው።» ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ውሃው በ100 ሜትር በራቀ ቁጥር 1 ሜትር ኪዩብ ለማውጣት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጨማሪ መብራት ይፈጃል። ፓምፕ ደግሞ ሁልጊዜ ያባክናል። ጥልቅ ውሃ ብዙ ጊዜ አሮጌ ውሃ ነው፤ ለመሞላት ረጅም ዘመን ይፈልጋል። የአያት ቅርስ አውጥቶ ለዓመት በዓል እንደ መጨረስ ነው።

«ሞዴል ግምት ነው፤ ፈረንጅ የሠራው ኮምፒውተር የሐረርጌን ዝናብ አያውቅም።» ግማሹ እውነት ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ የተሠሩ የአየር ንብረት ሞዴሎች የዝናቡን አቅጣጫ በተመለከተ እርስ በርስ አይስማሙም። የሚስማሙበት ሙቀቱ መጨመሩ ላይ ነው፤ ለድሬዳዋ ደግሞ ሙቀት ማለት ትነት ነው። ታዲያ ይህ ለመለካት ምክንያት ነው ወይስ ላለመለካት? መጪው ዝናብ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ ነው ሞዴሉ በሦስት መንገድ የሚሠራው፦ ዝናቡ ቢጨምር፣ ባለበት ቢቆይ፣ ቢቀንስ። በ2008 ዓ.ም የኤልኒኖ ድርቅ በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሲሆን ሐረርጌና ሲቲ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ያ ዓመት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢመጣ ሰቢያን ይችላል? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ሌላ ሼድ ማቆም ግምት ካልሆነ ምንድነው?

ደግሞም ፓርኩ ራሱ የቆመው በግምት ላይ ነው። የሥራ ዕድሉ ግምት ነው፤ የውጭ ምንዛሪው ግምት ነው፤ የሚመጣው ባለሀብት ብዛት ግምት ነው። ግምት የሚናቀው ስለ ውሃ ሲሆን ብቻ ነው።

መሣሪያውም ሰበብ አይሆንም። ለከርሰ ምድር ውሃ በዓለም በስፋት የሚሠራበት ሞድፍሎው የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው፤ በነፃ ይወርዳል። የሚያስወጣው ወጪ ልኬቱ ነው፤ የጉድጓድ መዝገብ፣ የዝናብ መዝገብ፣ በየወሩ የሚወሰድ የውሃ ከፍታ። ሳተላይት ይተካዋል እንዳይባል፣ የከርሰ ምድር ውሃን ከሕዋ የሚመዝኑት ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ የሚያዩት በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚለካ ስፋት ነው። ሰቢያንን ለይተው አያዩም። ሰቢያንን የሚያየው ሰቢያን ላይ ገመድና መለኪያ ይዞ የቆመ ሰው ነው።

«ይፋ ከወጣ ባለሀብት ይሸሻል።» የሚሸሸው ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ ውሃ የለም ሲባል ነው። ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ቧንቧ ሊዘጋ ነው የሚባልበት ጫፍ ስትደርስ የግድቦቿን ከፍታ በየሳምንቱ ለነዋሪዋ ትናገር ነበር። ነዋሪው ፍጆታውን ወደ ግማሽ ገደማ አወረደ፤ ያ የተፈራው ቀንም ሳይመጣ ቀረ። የተደበቀ ቁጥር ማንንም ቆጣቢ አያደርግም።

■ ምን ይደረግ?

አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ይቀድማል ይላል፤ ውሃ የሚወስድም ፈቃድ ያወጣል ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰጥበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ማግኘት የዜጋ መብት ነው ይላል። የጎደለው የሚጠይቅና የሚመልስ ነው።

ጥያቄው አምስት ነው።

1ኛ፦ ውሃ የማይሳብባቸው፣ ለልኬት ብቻ የሚያገለግሉ የመከታተያ ጉድጓዶች በሰቢያን፣ በመልካ ጀብዱና በሐሰሊሶ ይኑሩ። ካሉም ልኬታቸው በየወሩ ይለጠፍ።

2ኛ፦ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ፋብሪካዎችና የግል ጉድጓድ ባለቤቶች በየዓመቱ የሚያወጡት ውሃ ተለክቶ በአንድ ሰንጠረዥ ይፋ ይሁን። ለቤት ስንት፣ ለፋብሪካ ስንት፣ ለእርሻ ስንት፣ በቧንቧ የባከነው ስንት።

3ኛ፦ የ30 ዓመት የውሃ ሞዴል ይሠራ፤ በየአምስት ዓመቱም ይታደስ። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ይመርምሩት፤ ስህተቱን በአደባባይ ይንገሩ።

4ኛ፦ ወደ ቀጠናው የሚገባ ባለሀብት እንደ ካፒታሉ ሁሉ የውሃ ፍላጎቱን ያስመዝግብ። ውሃ የሚያበዛ ሥራ ከሆነ ውሃውን አጣርቶ መልሶ መጠቀሚያ ሳይኖረው አይጀምር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አብዛኛውን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ተሠርቷል። ሐይቅ አጠገብ ላለችው ሐዋሳ ያስፈለገ ነገር አሸዋ ወንዝ አጠገብ ላለችው ድሬዳዋ እንዴት ቅንጦት ይሆናል?

5ኛ፦ ጎተራው የክልል ድንበር አያውቅም። ዝናቡ የሚሰርገው ምሥራቅ ሐረርጌ ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ የሚቀዳው ድሬዳዋ ነው፤ ከቆላው ጠጪዎች አንዷ ሐረር ናት፤ ጎረቤቱ ሶማሌ ክልል ነው። አራቱም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ተዳፋቱ ላይ እርከን የሚሠራው የቀርሳና የሐረማያ ገበሬ የድሬዳዋን ፋብሪካ እያጠጣ ነው። ከቀጠናው ገቢ ጥቂቱ ለዚያ እርከን ቢመለስ ውለታ አይደለም፤ የውሃ ሒሳብ መክፈል ነው።

ለእነዚህ አምስቱ የሚወጣው ገንዘብ ከሁለትና ሦስት ጥልቅ ጉድጓዶች ቁፋሮና ከቧንቧ ዝርጋታ ጋር ሲነፃፀር ትንሽ ነው። የሚከብደው ገንዘቡ አይደለም፤ ቁጥሩ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ለመናገር የሚያስፈልገው ወኔ ነው።

አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽንም ሆነ የከተማው አስተዳደር በሚቀጥለው የማስፋፊያ ዜና ላይ ከሼዱና ከሄክታሩ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ባለፈው ዓመት ከመሬት ሥር የወጣው ውሃ ይህን ያህል፣ የተተካው ይህን ያህል፣ የውሃው ከፍታ የወረደው ይህን ያህል ሜትር።» ያ መስመር እስኪመጣ ድረስ የድሬዳዋ ነዋሪ ለሚነገረው ቁጥር ሁሉ አንድ መልስ ይበቃዋል፦ ውሃውስ?